ባጃጁ ያለው፣ አሮጌው ኮሮላ የሌለው



ፈተና አልቆ ወደ ቤተሰብ የምትወርዱ የገንዳ ውሃ፣ የመተማና የአካባቢው ልጆች መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከአዘዞ ተነስቶ በአይከል በኩል እየተጠማዘዘ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነው ቆላ ይወርዳል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው እያንዳንዱን ጉድጓድ በወገቡ ይቆጥራል። መተማ ዮሐንስ ስትደርሱ ደግሞ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ባጃጅ ትሳፈራላችሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በዚህ ጉዞ ካያችኋቸው መኪኖች፣ ማለትም ከአይሱዙው፣ ከአሮጌው ኮሮላና ከባጃጁ፣ የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱት የትኛው ነው? መልሱ ባጃጁ ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በመካከላችን መኪና የሚወድ፣ ቪዲዮ አይቶ «የቤታችንን አሮጌ ኮሮላ የኋላ አክስል አውልቄ ዘመናዊውን ልግጠምበት» የሚል አይጠፋም። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ከሆነማ ዘመድ ሁሉ ምክር የሚጠይቀው እሱን ነው። በዚያ መኪና የሚሳፈሩት ደግሞ እናቱና እህቶቹ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው።

ሁለቱ አሠራሮች

ጎንበስ ብላችሁ አይሱዙን ከኋላ ብታዩት ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ ወፍራም የብረት ቱቦ አለ። መሐሉ ላይ ያበጠው ዲፈረንሻሉ ነው። ቱቦው በሁለት ባሌስትራ ላይ ተቀምጧል። ይህን ድፍን አክስል እንበለው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ስለተያያዙ አንዱ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላውም አብሮ ያዘነብላል። በጎማዎቹ መካከል 130 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ እንበል። አንዱ ጎማ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል አክስሉ በሙሉ 4.4 ዲግሪ ገደማ ይጋደላል።

ባጃጅ ላይ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱ ክንድ፣ የራሱ ሞላና የራሱ ሾክ አብዞርበር አለው። ሞተሩና ካምቢዮው ከአካሉ ጋር ታስረዋል። ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሱት መገጣጠሚያቸው የሚተጣጠፍ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ናቸው። የግራው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ የቀኙ አይሰማውም።

ትልቁ ልዩነት ግን ክብደት ላይ ነው። በድፍን አክስል ከባዱ ዲፈረንሻል ከጎማዎቹ ጋር አብሮ ይዘላል። ይህ ሞላው የማይሸከመው ክብደት ነው፤ በበዛ ቁጥር ጎማው ከመንገዱ ቶሎ ይለቃል፣ ተመልሶ ለመያዝም ይዘገያል። ለየብቻ በሚንቀሳቀሰው አሠራር ዲፈረንሻሉ ከአካሉ ጋር ታስሮ ስለሚቀመጥ ከጎማው ጋር የሚዘለው ክብደት ይቀንሳል። ወጣ ገባ በሆነ መታጠፊያ ላይ ጎማው መንገዱን ይበልጥ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

አሮጌ የስፖርት መኪኖችና ለውጡ

ብዙ የታወቁ የስፖርት መኪኖች ይህ አልነበራቸውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ከ1962 እስከ 1980 የተሠራው የእንግሊዙ ኤምጂቢ እንደ አይሱዙ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ድፍን አክስል ነበረው። በ1983 የወጣው የቶዮታ ኤኢ86ም ድፍን አክስል ነው፤ ሞላው ብቻ ጥምዝ ነው። በኋላ ጎማ የሚነዳው አሮጌ ኮሮላ የዚህ መኪና የቅርብ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ባለቤቶች ከሌላ መኪና አምጥተው መግጠም ጀመሩ። ሁለት ምሳሌዎች በደንብ ይታወቃሉ። ጃጓር በ1961 በኢ-ታይፕ ላይ ያወጣው የኋላ ክፍል ዲፈረንሻሉን፣ ፍሬኑንና ሞላውን በአንድ የብረት ማቀፊያ የያዘ ስለሆነ እንዳለ ወጥቶ ሌላ መኪና ላይ ይገባል። ፎርድ ደግሞ በ1999 ለሙስታንግ ኮብራ የሠራው፣ ድፍኑ አክስል ይታሰርባቸው በነበሩት ቦታዎች ላይ እንዲገጠም ሆኖ ነው የታሰበው። ስለዚህ ከተጋጩ ኮብራዎች እየተፈታ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሙስታንጎች ላይ ተገጠመ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሁለቱም የተሳኩት የማሰሪያውን ነገር የፋብሪካ መሐንዲስ አስቀድሞ ስለጨረሰው ነው። የእኛ አሮጌ ኮሮላ ይህን አላገኘም።

ችግሩ ብሎኑ ሳይሆን ኃይሉ ነው

አንድ ትንሽ ሞተር 100 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል እንበል። አንደኛ ማርሽ 3.5 ጊዜ፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ 4 ጊዜ ቢያባዙት ጎማዎቹ ጋ የሚደርሰው 1,400 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህ ማለት አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ብረት ጫፍ ላይ አንድ ኩንታል ተኩል የሚጠጋ ሰሊጥ እንደማንጠልጠል ነው። በተነሳችሁ ቁጥር የዲፈረንሻሉ ቤት በዚህ ኃይል ወደ ኋላ ለመጠምዘዝ ይሞክራል።

በድፍን አክስል ይህን ኃይል የሚቀበሉት የአክስሉ ክንዶች ወይም ባሌስትራዎቹ ናቸው፤ እነሱ የሚታሰሩበት ቦታም ለዚሁ ተጠናክሮ ተሠርቷል። ዲፈረንሻሉን ከወለሉ ጋር ስታስሩት ግን ኃይሉ ፋብሪካው ፈጽሞ ወዳላሰበው ስስ ላሜራ ይሄዳል። ተጨማሪ ማቀፊያ ብረት ካልተሠራለትና ኃይሉ ወደ ጠንካራው የአካል ክፍል ካልተከፋፈለ ላሜራው ከብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በመጀመሪያው ቀን አይታይም። ቁልቁለት ላይ፣ ሰው ሞልቶ ሳለ ሊታይ ይችላል።

ሌላም አለ። የክንዶቹ ማሰሪያ በግራና በቀኝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። የነዳጅ ታንከሩና የጭስ ማውጫው ቦታ ይለወጣል። የፍሬን ቱቦና የእጅ ፍሬን ገመድ እንደገና ይለካሉ። የዲፈረንሻሉ የጥርስ ብዛት ከተለወጠ ከካምቢዮ የሚነበበው የፍጥነት መቁጠሪያ ይዋሻል።

የቮልስ ትምህርት

«ጎማው ለየብቻ ከተንቀሳቀሰ ሁልጊዜ ይሻላል» ለሚል ሰው አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ለብዙ ዓመታት ያየናት ቮልስ ዋገን መልስ አላት። የድሮዋ ቮልስ የኋላ ጎማዎች ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ ዘንጎቹ ግን የሚታጠፉት ከካምቢዮው በኩል ብቻ ነው። ከመታጠፊያው እስከ ጎማው 65 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጎማው 10 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ 8.7 ዲግሪ ገደማ ይጋደላል። ይህ ቅድም ያሰላነው የድፍኑ አክስል እጥፍ ነው። በፍጥነት ስትታጠፉ የኋላው አካል ከፍ ብሎ ጎማው ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል፤ ያኔ መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። በአሜሪካ ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ሸቭሮሌት ኮርቬርን የከሰሰው በዚሁ አሠራር ነው።

ቮልስ ዋገን ራሱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለአሜሪካ ገበያ በሚልካቸው ላይ ዘንጎቹን በሁለቱም ጫፍ እንዲታጠፉ አድርጎ ቀየራቸው። ዛሬ በሌላው ዓለም የድሮ ቮልስ ያላቸው ሰዎች የአዲሱን ክንድ ማሰሪያ በብየዳ ጨምረው ይህንኑ ለውጥ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ለውጡ ትርጉም አለው፤ አንድ የታወቀ አደጋን ያስወግዳልና።

ለቆላው የሚስማማው የትኛው ነው?

ወደ መተማ እንመለስ። ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚያመላልስ መኪና ባሌስትራና ድፍን አክስል ቢኖረው ኋላ ቀርነት አይደለም። ጭነት ሲበዛ አክስሉ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ ይይዛቸዋል። ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ጎማዎች ግን በብዙ መኪኖች ላይ ከጭነት ብዛት አካሉ ሲወርድ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ የጎማው የውስጥ ጠርዝም ቶሎ ይበላል። የዘንጎቹን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው ላስቲክ በድንጋይ ከተቀደደ ግራሱ ይፈስሳል፣ የበጋው አቧራና የክረምቱ ጥቁር ጭቃ ይገባል፣ መገጣጠሚያውም ይበላል። ባሌስትራን ግን በየከተማው የሚጠግን ጋራዥ አለ። ባጃጅ ቀላልና ጭነቱ ጥቂት ስለሆነ ለየብቻ የሚንቀሳቀሰው አሠራር ይስማማዋል።

ስለዚህ የቤተሰብ ኮሮላ ካላችሁና የኋላው ካስቸገራችሁ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ። ያለቁትን የክንድ ጎሚኒዎች ለውጡ። ሾክ አብዞርበሮቹን በጥንድ ቀይሩ። የደከመ ሞላ ካለ በትክክለኛው ልክ ተኩ። የጎማውን ንፋስ አስለኩ። አብዛኛው መወዛወዝና ድምፅ በዚህ ይጠፋል፤ ወጪውም ከለውጡ ጋር አይወዳደርም።

ለውጡን የግድ እፈልጋለሁ የሚል ካለ በመጀመሪያ ወረቀት ላይ ይሥራው፤ ልኩን፣ ኃይሉ የሚያልፍበትን መንገድና የብየዳውን ዓይነት ለመምህሩ ያሳይ። የዓመታዊ ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን ነገርም ስላለ የሚመለከተውን የትራንስፖርት ቢሮ አስቀድሞ ይጠይቅ። የመጀመሪያው ሙከራ ተሳፋሪ ሳይኖር፣ ሜዳ ላይ ይሁን። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ብየዳውን አላየውም፤ የሚያምነው እናንተን ነው። ይህ አማና ነው።

በዚህ እረፍት ስትወርዱ መኪናው ለምሳ ሲቆም ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ተመልከቱ። ድፍን ነው ወይስ ለየብቻ? ለምን እንደዚያ እንደተሠራ መገመት ከቻላችሁ ይህ ጽሑፍ ሥራውን ጨርሷል።

አላህ በሰላም ያድርሳችሁ።