የልጆችን ልብ ለሚጎዳው የቶንሲል ሕመም ክትባት ለምን የለም?

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። ምክንያቶቹ እነሆ፦

1. ሕመሙን የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ኤ የተባለው ባክቴሪያ በላዩ ላይ ባለው «ኤም ፕሮቲን» ከ200 በላይ ዓይነት አለው። አንዱን የሚከላከል ክትባት ሌላውን ላይከላከል ይችላል። በአፍሪካ የሚገኙት ዓይነቶች ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚበዙት ይለያሉ።

2. ይህ ፕሮቲን በከፊል የልባችንን ጡንቻ ፕሮቲን ይመስላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን ልብ ሊያጠቃ ይችላል፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከባክቴሪያው የሚሠራ ክትባትም ይህንኑ ጉዳት እንዳያመጣ በመስጋት አሜሪካ ከ1979 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ከልክላው ነበር።

3. በእነዚህ ምክንያቶች ተመራማሪዎች አሁን በሁሉም ዓይነቶች ላይ የሚገኙና ከልብ ጋር የማይመሳሰሉ ክፍሎችን እየመረጡ ይሠራሉ። ሲሳካ ክትባቱ ቅዝቃዜው ተጠብቆ እስከ ገጠር ጤና ኬላ መድረስ አለበት።

እስከዚያው ልጅዎን ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ ያስጨርሱት። እንጥል ማስቆረጥ ልብን አያድንም፤ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ልቡ የተጎዳ ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወስደውን የፔኒሲሊን መርፌ ፈጽሞ አያቋርጥ።