ኢኔማ እና የተወጠረ አንጀት

በአርዲቦ ሐይቅ ውስጥ አንድ ሜትር ጠልቆ የሚዋኝ ሰው ከአየሩ ግፊት በላይ 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ተጨማሪ ግፊት ያርፍበታል። ሐይቁ ሰፊ መሆኑ ለዚህ ቁጥር የሚጨምረው ነገር የለም፤ ወሳኙ ጥልቀቱ ነው። ከበሽተኛው አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ የአንድ ሊትር ከረጢትም በቱቦው ጫፍ እስከዚያው ድረስ ሊገፋ ይችላል። ኢኔማ፣ ማለትም ፈሳሽን በፊንጢጣ በኩል ወደ ትልቁ አንጀት ማስገባት፣ በፊዚክስ ዓይን ይኸው ነው። ከረጢቱ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ብቻ እንዲያዝ የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ጤናማ አንጀት ይህን ግፊት ይችለዋል። አንጀቱ የታጠፈበት ሰው ግን ሌላ ነው። በደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል (ሲግሞይድ) መጠምዘዝ ሐኪሞች በሚገባ የሚያውቁት ሕመም ነው። የተጠመዘዘው ክፍል በሁለቱም ጫፍ ተዘግቶ በጋዝ ይነፋል። በላፕላስ ሕግ መሠረት የአንድ ቱቦ ግድግዳ የሚሸከመው ውጥረት የግፊቱና የሬዲየሱ ብዜት ነው፤ ግፊቱ ሳይለወጥ ሬዲየሱ እጥፍ ቢሆን ውጥረቱም እጥፍ ይሆናል። ግድግዳው በዚያ ላይ ሳስቷል፣ ደሙም ታግቷል። እንዲህ ባለ አንጀት ላይ ከታች ውኃ መግፋት ሊቀደው ይችላል፤ ከተቀደደም ዓይነ ምድር ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል።

«ታዲያ ሐኪሞችስ ለዚሁ ሕመም በፊንጢጣ ቱቦ ያስገቡ የለምን?» ይባል ይሆናል። ያስገባሉ፤ ነገር ግን አንጀቱ እንዳልሞተ ገምተው፣ በመሣሪያ እያዩ፣ ጋዙን ለማስወጣት ነው። አንዱ የአንጀት ክፍል በሌላው ውስጥ በገባበት ሕፃን ላይ ደግሞ እስከ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሚደርስ ግፊት አየር ይነፋሉ፤ ይህም በምስል እየተከታተሉ፣ ግፊቱን እየለኩ፣ ቀዶ ሐኪም በቅርብ እያለ ነው።

የፈሳሹ ዓይነትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የትልቁ አንጀቱ ጫፍ ሲወለድ ጀምሮ ነርቭ በሌለው ሕፃን አንጀት ውስጥ የቀረ ንጹሕ ውኃ በኦስሞሲስ ወደ ደም ገብቶ ሶዲየምን ያቀጥናል፤ ስለዚህ በሊትር 9 ግራም ጨው ያለው ፈሳሽ ይመረጣል። የሶዲየም ፎስፌት ኢኔማ ደግሞ ለኩላሊት በሽተኞችና ለአረጋውያን አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2014 እ.ኤ.አ. በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል።

ሆዱ ተነፍቶ፣ ፈስም ሰገራም አልወጣ ብሎት የሚያስታውክ ሰው ቤት ውስጥ ኢኔማም ሆነ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሳይሰጠው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ከሐይቅ ከተማ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም።