ዋይፋይ አለ፣ ኢንተርኔት የለም

የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጹ አልከፈት ሲል «ኔትወርክ የለም» ብሎ መተው የተለመደ ነው። ይህች አጭር አባባል ግን ቦታቸው የተለያየ ብዙ ብልሽቶችን ታጠቃልላለች፤ የኔትወርክ ቃላት ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚጠቅሙትም እነዚህን ለመለየት ነው።

ከቅርቡ እንጀምር። ዋይፋይ ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለ የሬዲዮ ግንኙነት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በአንድ ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ፕሪንተሮች የሚያያይዘው መረብ ላን ይባላል። ራውተሩ ላኑን ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ጋር፣ ድርጅቱም ከቀረው ዓለም ጋር ያገናኘዋል። ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ሲቆረጥ ዋይፋዩ እንዳለ ሆኖ ኢንተርኔት ይጠፋል፤ የቢሮው ፕሪንተር ግን ማተሙን አያቋርጥም።

በመረቡ ላይ የሚጓዝ ነገር ሁሉ፣ ፎቶም ይሁን ድምፅ፣ ፓኬት ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ነው የሚሄደው። አንዱ ፓኬት ብዙውን ጊዜ ከ1500 ባይት አይበልጥም። ሐሳቡን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፖል ባራንና ብሪታኒያዊው ዶናልድ ዴቪስ በየፊናቸው አመነጩት። ፓኬቶቹ የሚመሩባቸው ዋና ደንቦች ሁለት ናቸው፦ አይፒ አድራሻውን ይይዛል፤ ቲሲፒ ደግሞ የጠፋው እንደገና እንዲላክና ሁሉም በተራው እንዲገጣጠም ያደርጋል። ነዳፊዎቹ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን ናቸው። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ሙሉ በሙሉ ወደ እነዚህ ደንቦች የዞረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. ነው።

የአይፒ አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉት። በዚህ አሠራር የሚገኙት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆኑ ለዓለም ሕዝብ እንኳ አይዳረሱም። ዘላቂው መፍትሔ እጅግ ሰፊ የሆነው አይፒቪ6 ነው። እስከዚያው ናት የተባለው ዘዴ ያገለግላል፦ በመሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር የመጣን ደብዳቤ መዝገብ ቤቱ ለየሠራተኛው እንደሚያድል፣ ራውተሩም በአንድ የውጭ አድራሻ የመጣውን ለየመሣሪያው ያከፋፍላል። ብዙ ቤቶች ውስጥ በ192.168 የሚጀምሩ ተመሳሳይ ቁጥሮች የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቁጥር በቃል ማጥናት ስለሚያስቸግር ዲኤንኤስ ስምን ወደ አድራሻ ይለውጣል። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ይህ ሥርዓት ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ኦክቶበር 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ዓለም አይቷል። ፌስቡክ ለጥገና የሰጠው አንድ ትእዛዝ የውስጥ መረቡን ቆረጠ፤ የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹም ወደ እነሱ የሚወስደውን መንገድ ለሌሎች መረቦች ማስታወቃቸውን አቆሙ። መረቦች መንገዳቸውን ለሌሎች የሚያስታውቁበት ደንብ ቢጂፒ ይባላል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል አድራሻቸው የማይገኝ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ ግን ይሠራ ነበር። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ፒንግ በተባለው መፈተሻ ትእዛዝ እንደ 8.8.8.8 ያለ የውጭ አድራሻ መልስ እየሰጠ ገጾች በስማቸው ካልተከፈቱ መጠርጠር ያለበት ዲኤንኤስ ነው።

ዌብና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዌብ ቲም በርነርስ ሊ በ1989 እ.ኤ.አ. ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሐሳቡን ያቀረበውና በኢንተርኔት ላይ የሚሠራ አንድ አገልግሎት ነው፤ ኢሜይል ይቀድመዋል። በአድራሻው ፊት ያለው ኤችቲቲፒኤስ መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳይነበብ መመስጠሩን ይናገራል እንጂ የገጹን ባለቤት ታማኝነት አያረጋግጥም። አጭበርባሪም መመስጠር ይችላል።

ፍጥነት ላይ ሻጮች ሜጋቢት ሲሉ ገዢዎች ሜጋባይት ይሰማሉ፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። የ8 ሜጋቢት መስመር እንግዲህ በሰከንድ ቢበዛ 1 ሜጋባይት ያወርዳል። ይህ በሰከንድ የሚያልፈው መጠን ባንድዊድዝ ይባላል። ላተንሲ ደግሞ ፓኬቱ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ሲሆን ባንድዊድዝ በመግዛት ብቻ አያጥርም። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው፤ ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ፓኬቱ ያን ሁሉ መንገድ ደርሶ መመለስ አለበት። ትልልቅ ኩባንያዎች ሲዲኤን በሚባለው አሠራር የቪዲዮዎቻቸውን ቅጂ በየአገሩ የሚያስቀምጡት ይህን ርቀት ለማሳጠር ነው።