«ይከፈል» የሚለውና የሚከፍለው

አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ የባንክዎን አፕ ይክፈቱና የታክስ ተመላሽ የገባበትን መስመር ይፈልጉ። «አይአርኤስ ትሬዝ 310» ይላል። ቤት ውስጥ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚቀበሉ እናት ወይም አባት ካሉ የእሳቸውንም ይዩ። መነሻው ይለያል እንጂ «ትሬዝ 310» እዚያም አለ።

የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ሂሳብዎን መርምሮ «ይህን ያህል ይመለስ» ያለው ነው። ገንዘቡን የላከው ግን ሌላ ነው፤ ትሬዝ የተባለው ግምጃ ቤቱ፣ በተለይም ፊስካል ሰርቪስ የሚባለው ክፍሉ። በዓመት ከ1 ቢሊዮን በላይ ክፍያ፣ ከ5 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ በዚህ ክፍል በኩል ያልፋል።

እድርተኛ ለሆነ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። የእድሩ ዳኛ ሳይፈርም ገንዘብ ያዡ አይከፍልም፤ ዳኛውም ፊርማ እንጂ የሣጥኑ ቁልፍ የለውም። አንዱ ቢሳሳት ወይም ቢያጭበረብር ሌላው አለ።

አሜሪካ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። ቀድሞ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸው ከፋይ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመክፈሉን ሥራ ወደ ግምጃ ቤቱ ሰበሰቡት። በ1941 የወጣው ሕግ ደግሞ ክፍያው ትክክል ነው ብሎ የሚያረጋግጠውን ሹም በግሉ ተጠያቂ አደረገው። ያለ አግባብ ካስከፈለ ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው። ከኪሱ የሚጠየቅ ሰው ፊርማውን አስቦ ያኖራል።

ከሰው ፊርማ ሌላ ቁጥሩም ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ አለው። አሁን የቼክ ደብተርዎን ያምጡ። ከታች በግራ በኩል ያለውን ባለ 9 አሃዝ የባንክ መለያ ቁጥር ይዩ። 1ኛውን፣ 4ኛውንና 7ኛውን ደምረው በ3 ያባዙ። 2ኛውን፣ 5ኛውንና 8ኛውን ደምረው በ7 ያባዙ። የቀሩትን ሦስቱን እንዳሉ ይደምሩ። የሁሉም ድምር መጨረሻው ዜሮ ነው።

የግምጃ ቤቱ የራሱ ቼክ ቁጥር 000000518 ነው። 15፣ 7 እና 8፤ በድምሩ 30። እስቲ አንዷን አሃዝ ብቻ ለውጠው እንደገና ያስሉ፤ ዜሮው ይጠፋል። ማሽኑም ስህተቱን የሚይዘው እንዲሁ ነው።

ማሽኑ የማይይዘው ግን አለ። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ሰውየው ልክ ካልሆነ ድምሩ ምንም አይልም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ማን ይገባል፣ ገብቶስ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ነው። ማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው መዝገቡን ያነባል። መጻፍ የተፈቀደለት ሰው ግን ይለውጠዋል። ማንበቡም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ የእርስዎ የባንክ ሂሳብና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እዚያ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የሆነውም ይኸው ነው። «ዶጅ» ከሚባለው የትራምፕ አስተዳደር ቡድን ጋር የሚሠራ አንድ ወጣት ባለሙያ ወደ ክፍያ ሥርዓቱ እንዲገባ ተፈቀደለት። ማየት ብቻ ነው የተባለው ፈቃድ፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊዎች በኋላ ለፍርድ ቤት እንደገለጹት፣ በአንዱ ሥርዓት ላይ ለአጭር ጊዜ በስህተት መጻፍንም ያካተተ ነበር። የ19 ክፍለ ግዛቶች ዐቃቤ ሕጎች ከሰሱ፤ ፌብሩዋሪ 8 ቀን የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ መግባቱን ለጊዜው አገዱ።

የፍርድ ቤት እግድ የተከሰሰበትን ጉዳይ ያቆማል እንጂ ለሚቀጥለው አስተዳደር ደንብ አይሆንም። የሚሺጋኗ የምክር ቤት አባል ሄሊ ስቲቨንስ በዚያው ወር ረቂቅ ሕግ ያቀረቡትም ለዚህ ይመስለኛል። ረቂቁ ወደ ፊስካል ሰርቪስ የክፍያ ሥርዓቶች የሚገባው ሰው የደህንነት ማጣሪያ ያለፈና ከጥቅም ግጭት ነፃ የሆነ እንዲሆን ይጠይቃል። የረቂቁ ደጋፊ ዴሞክራቶች ያኔ በሁለቱም ምክር ቤቶች አናሳ ስለነበሩ መንገዱ ከባድ ነበር። ቢሆንም ሐሳቡ የአንድ ፓርቲ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ «ትሬዝ 310» ለሪፐብሊካኑም ለዴሞክራቱም እኩል ነው የሚገባው። ለተወካይዎ ደውለው ስለ ጉዳዩ መጠየቅ ከፈለጉ፣ የረቂቁ ስም «የግብር ከፋዮች መረጃ ጥበቃ ሕግ» ነው።