ለዕረፍት አገር ቤት ሲመጡ የሚያጋጥም ተቅማጥ፦ ተረትና እውነታ

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር ለዕረፍት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው በተቅማጥ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። የተጓዦች ተቅማጥ የሚባለው ይህ ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፤ መርዝ አመንጪ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ግንባር ቀደም ሲሆኑ ካምፓይሎባክተር፣ ሺጌላና ሳልሞኔላም አሉበት። መግቢያቸው የተበከለ ምግብና ውሃ ነው።

«እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ ሆዴ ለምዶታል» የሚለው አባባል በብዛት ይሰማል። ጀርም ግን የትውልድ ቦታ አይጠይቅም። ሰውነት ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ያዳበረው መከላከያ ጸንቶ የሚቆየው ደጋግሞ ሲጋለጥ ነው፤ ለዓመታት ርቆ የኖረ ሰው መከላከያው ይሳሳል። ውጭ የተወለዱ ልጆች ከመጀመሪያውም የላቸውም፤ ፈሳሽ ቶሎ ስለሚያልቅባቸውም ሕመሙ ይበረታባቸዋል።

ጥሬ ክትፎን ሚጥሚጣ «ያበስለዋል»፣ አረቄ ደግሞ ጀርሙን «ያቃጥለዋል» ይባላል። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ምላስን ብቻ ነው። አረቄም ሆድ ውስጥ ከምግብና ከፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ ኃይሉን ያጣል። ጥሬ ሥጋ ከባክቴሪያው ሌላ የኮሶ ትል እጭ ሊይዝ ይችላል፤ ለብለብም ቢሆን ውስጡ ድረስ ስላልበሰለ አስተማማኝ አይደለም።

ምግብ ቤቱ ትልቅ መሆኑም ዋስትና አይሆንም። በአነስተኛ ምግብ ቤት በሸክላ እየተንተከተከ የሚቀርብ ተጋቢኖ፣ በሆቴል ቡፌ ላይ ለሰዓታት ለብ ብሎ ከቆየ ወጥ ይልቅ ያስተማምናል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የተቀመጠ ወጥ ለባክቴሪያ መራቢያ ይመቻል። ሰላጣን በሎሚ ወይም በሆምጣጤ ማጠብ ጀርሙን ሁሉ አያጠፋም፤ በራስ እጅ የሚላጥ ሙዝና ብርቱካን ይሻላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህ ተነስቶ «ደጋ ላይ ማፍላት ዋጋ የለውም» ማለት ስህተት ነው፤ 3 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ ከፈላ በሽታ አምጪ ተሕዋስያኑን ለመግደል ይበቃል። በረዶ ማድረግ ግን አይገድላቸውም። ብዙ ሰው ደግሞ በጁስ ይሳሳታል፤ የታሸገ ውሃ ብቻ እየጠጣ ጁስ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ያዛል፣ መፍጫው በቧንቧ ውሃ መለቅለቁን ልብ ሳይል። በቧንቧ ውሃ ጥርስ መቦረሽም ያው ነው። የእጅ ሳኒታይዘር ኖሮቫይረስን በደንብ ስለማያጠፋ ሳሙናን አይተካም።

ሕመሙ ሲጀምር «አሜባ ነው» ብሎ ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል መግዛት የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ለአሜባና ለጃርዲያ ይሠራል፣ ለኢ. ኮላይ ግን አይፈይድም። ሕመሙም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ሆድ እንዲያርፍ ብሎ ፈሳሽ መከልከል ደግሞ አደገኛ ነው፤ የሚጎዳው የውሃና የጨው እጥረት ነውና። ይህን የሚተካው ኦ.አር.ኤስ. ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይቻላል። ጡት የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን ይቀጥላል። ደም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፔራሚድ አይወሰድም፤ ያን ጊዜ፣ እንዲሁም ትውከቱ አላቆም ካለ ወይም ልጅ ከደከመና ሽንቱ ከቀነሰ፣ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።