‹‹ዶክተር ከሆነ በኋላ ደግሞ ምን ሊማር ነው?››

በአገራችን አንድ ሰው ሦስተኛ ዲግሪውን ሲይዝ ዘመድ አዝማዱ ‹‹እንግዲህ ጨረሰ›› ይላል። አሠሪው መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ያስባል። በሌላው ዓለም ግን በተለይ በሳይንስ ዘርፍ ተመራማሪ መሆን የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ድኅረ ዶክትሬት የሚባለው ቦታ የተፈጠረው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ቦታ በሚገባ ስለማይታወቅ በሰዎች ሕይወት ላይ ጉዳት እያደረሰ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ወላይታ ሶዶ ላይ የሰማሁት ጉዳይ ነው። ቢጠና ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት የሒሳብ ምሁር በ‹‹አልጀብራዊ ኮድ ቲዎሪ›› ዶክትሬቱን ይዟል። በአውሮፓ የሁለት ዓመት የድኅረ ዶክትሬት ቦታም አግኝቷል። የሚያስተምርበት ተቋም (ስሙን አልጠቅስም) የሰጠው መልስ ‹‹ዲግሪህን ስለጨረስክ የትምህርት ፈቃድ አይሰጥህም፤ ከሄድክ ሥራህን ለቀሃል፣ የአገልግሎት ግዴታህንም በገንዘብ ትከፍላለህ›› የሚል ነበር። አባቱም በበኩላቸው ‹‹ልጄ፣ ዶክተር ከሆንክ በኋላ ደግሞ ምን ልትማር ነው?›› አሉት። ተቋሙም አባትየውም የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው።

ለመሆኑ ይህ ኮድ ቲዎሪ ምንድን ነው? እኔ የሕግ ሰው ነኝና ከማውቀው ልጀምር። ቼክ ስንጽፍ ገንዘቡን በአሃዝ እንጽፋለን፣ መልሰን ደግሞ በፊደል እንጽፋለን። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲያርመው ነው። በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ በፊደል የተጻፈው እንደሚጸና የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን ደንግጓል። ትርፍ የሚመስለው ጽሑፍ ስሕተትን ያጋልጣል፣ ያርማልም። ኮድ ቲዎሪ የዚህ ብልሃት ሒሳብ ነው። ጥያቄው ‹‹በትንሽ ትርፍ ብዙ ስሕተት እንዴት ይታረማል?›› የሚል ነው።

ቀላሉ ዘዴ መልእክቱን ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ሦስተኛው ተሳስቷል ማለት ነው። ነገር ግን ወጪው ሦስት እጥፍ ይሆናል። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 እያንዳንዱ የመገናኛ መስመር የራሱ ጣሪያ እንዳለው፣ ከዚያ ጣሪያ በታች እስከሆንን ድረስም ስሕተትን የፈለግነውን ያህል መቀነስ እንደሚቻል በሒሳብ አረጋገጠ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አላሳየም። ሪቻርድ ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ በአራት የመረጃ ቢቶች ላይ ሦስት መቆጣጠሪያ ቢቶችን ብቻ በመጨመር ከሰባቱ አንዱ ቢሳሳት የትኛው እንደሆነ ነቅሶ የሚያወጣ ዘዴ አቀረበ። የሦስት እጥፉ ወጪ ከሁለት እጥፍ በታች ወረደ።

አልጀብራው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሳምንቱን ቀናት አስቡ። ከሐሙስ ጀምረን አምስት ቀን ብንቆጥር ማክሰኞ ላይ እናርፋለን እንጂ ከሰባቱ አንወጣም። እንደዚህ ያሉ ውሱን የቁጥር ዓለሞችን ያጠናው ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋልዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 በሃያ ዓመቱ ሲሞት ሥራው ምን እንደሚጠቅም የሚያውቅ አልነበረም። ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎሞን እ.ኤ.አ. በ1960 ያን ዓለም ለመልእክት አዋሉት። ሐሳባቸው ቀላል ነው። በሁለት ነጥቦች የሚያልፈው ቀጥተኛ መስመር አንድ ብቻ ነው። በዚያ መስመር ላይ ያሉ አምስት ነጥቦች ብልክላችሁና አንዱ መንገድ ላይ ቢበላሽ አራቱ በመስመሩ ላይ ቆመው አምስተኛውን ያጋልጡታል።

ይህ የሩቅ አገር ነገር አይምሰላችሁ። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር ስንከፍል በስልካችን የምናነበው ባለ አራት ማዕዘን ጥቁርና ነጭ ምልክት፣ ኪውአር ኮድ፣ የሪድና የሶሎሞንን ሒሳብ በውስጡ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ሲፈለሰፍ ከፍተኛው የእርማት ደረጃው ምልክቱ እስከ 30 በመቶ ቢበላሽ እንኳ እንዲነበብ ተደርጎ ነው። ሶዶ ገበያ ቡና የፈሰሰበትና ጥጉ የተቀደደ ወረቀት ገንዘብ የሚያስተላልፈው በዚህ ምክንያት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም ብትሆን ምስል ወደ እንጦጦ ለመላክ ያለ ስሕተት አራሚ ኮድ የሚሆንላት አልነበረም።

የዘርፉ ተፈላጊነት ሰሞኑን የጨመረበት ሌላም ምክንያት አለ። ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳየው፣ በቂ አቅም ያለው የኳንተም ኮምፒዩተር ከተሠራ ባንኮችና መንግሥታት ለረጅም ዘመን የተማመኑባቸው የምስጢር ቁልፎች ይሰበራሉ። ከመከላከያዎቹ አንዱ የተገኘው ከኮድ ቲዎሪ ነው። ሮበርት ማክኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1978 ስሕተትን ሆን ብሎ በመልእክቱ ላይ በመጨመር ምስጢር መደበቅ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ስሕተቱን መንቀስ የሚችለው የኮዱን ሥውር አሠራር የሚያውቅ ብቻ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ለደረጃ የመረጠው ኤችኪውሲ የተባለ ዘዴም በኮድ ላይ የተመሠረተ ነው። እኛስ? የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ን እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥተናል። አዋጅ ግን በራሱ ምስጢር አይጠብቅም። ቁልፉን የሚመረምር፣ የሚገዛው ዕቃ አስተማማኝ መሆኑን ለመንግሥት የሚያስረዳ የራሳችን ባለሙያ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ወደ ድኅረ ዶክትሬቱ እንመለስ። ይህ ቦታ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ፈተናም ዲግሪም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚቆይ፣ ደመወዝ ወይም ድጎማ የሚከፈልበት የምርምር ሥራ ነው። የዶክትሬት ተማሪ መምህሩ በመረጠለት ወይም አብሮት በቀረጸው አንድ ጥያቄ ላይ ይሠራል። ድኅረ ዶክትሬት ላይ ያለ ሰው ግን ጥያቄውን ራሱ ማውጣት፣ ከሌሎች ጋር ማሳተምና የራሱን ስም መትከል ይጠበቅበታል። ሐኪም ከተመረቀ በኋላ በስፔሻሊስት ሥር እንደሚሠራው፣ የሕግ ምሩቅም ለብቻው ከመቆሙ በፊት በነባር ጠበቃ ሥር እንደሚለማመደው ዓይነት ነው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች መሰላል ላይ ግን ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር ይወጣል እንጂ በመካከል ይህ ርከን በመደበኛነት አይታይም። ዶክትሬቱን ይዞ የሚመለሰው ወጣት በማግሥቱ ብዙ ክፍለ ጊዜ ይመደብለታል። ኮሚቴ ይገባል፣ ቆየት ብሎም የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይሆናል። ምርምሩ በቅዳሜና እሑድ ይቀራል፤ ከዚያም ጨርሶ ይቀራል።

ምርምር ጊዜ ይፈልጋል። ኤርዳል አሪካን የተባለው ቱርካዊ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ዶክትሬቱን ይዞ በ1987 ወደ አገሩ ተመለሰ። የገባው በ1984 በተመሠረተው ቢልከንት ዩኒቨርሲቲ ነበር። ስሙን ያስጠራውን ‹‹ፖላር ኮድ›› ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ይህ ኮድ ዛሬ የአምስተኛው ትውልድ ሞባይል መሥፈርት አካል ነው። የአሪካን መንገድ የድኅረ ዶክትሬት መንገድ አልነበረም፤ ነገር ግን አንካራ ላይ የሚጠብቀው ወንበርና ለማሰብ የሚበቃ ጊዜ ነበረው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። አሪካን ሲገባ ቢልከንት ከዚህ እጅግ ያነሰ ዕድሜ ነበረው። ስለዚህ ‹‹ገና ወጣት ተቋም ነን›› የሚለው ምክንያት አያዋጣም።

‹‹ከለቀቅናቸው አይመለሱም›› የሚሉ ወገኖች ሥጋት መሠረት አለው፤ የሄዱትን ቆጥረን እናውቃለን። ነገር ግን ሥራውን አስለቅቀን የላክነው ሰው ወደ ምን ይመለሳል? በሩን የዘጋነው እኛው አይደለንም? ወጣቱን ‹‹ከሥራህና ከሙያህ አንዱን ምረጥ›› ካልነው የሚመርጠውን እያወቅን ነው የምናስመርጠው።

በሕግ ረገድ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ የአገልግሎት ግዴታ ይከበር። ነገር ግን በቁጥር 1675 መሠረት ተዋዋዮች በስምምነት ግዴታን መፍጠር ብቻ ሳይሆን መለወጥም ይችላሉ። ተቋሙና መምህሩ በጽሑፍ ተስማምተው ግዴታውን ማስቀረት ሳይሆን ለሁለት ዓመት ማቆየት፣ ወንበሩን መጠበቅ፣ ሲመለስ የማስተማር ጫናውን ቀንሶ የምርምር ጊዜ መስጠት ምን ይከለክላል? መምህሩ በበኩሉ በሚቆይበት ጊዜ የማስተርስ ተማሪዎችን ከሩቅ ሊያማክር፣ ሲመለስም ኮርሱን ሊከፍት ቃል ይግባ።

ቦታው ለቀረበላቸው ወጣቶችም አንድ ምክር አለኝ። ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱ የሥራ ውል ነው ወይስ የድጎማ ደብዳቤ የሚለውን ለዩ። የጤና መድንና ጡረታ፣ የቤተሰብ ቪዛ፣ የውሉ መታደስ ሁሉ በዚህ ላይ ይወሰናል። ከአሠሪያችሁ ጋር የተስማማችሁትንም በቃል አትተዉት።

ሐዋሳና አርባ ምንጭ በመንግሥት የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተመደቡት ስምንቱ መካከል ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለችው ሶዶ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ሆኖም ለሒሳብ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ሰሌዳ፣ ኢንተርኔት፣ ጥቂት መጻሕፍትና ያልተሸራረፈ ጊዜ ይበቁታል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት አንድ የድኅረ ዶክትሬት ቦታ ቢከፍት፣ አንድ መምህሩንም ወንበሩን ጠብቆ ቢልክ በጀቱ አይናጋም። ይህን ሳናደርግ ቀርተን ነገ ምስጢራችንን የሚጠብቅ ባለሙያ በውጭ ምንዛሪ ስንፈልግ የምንከፍለው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።