ሕመሙ ከሪያድ፣ ሕክምናው ከአማኑኤል

«ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምራሉ።» «ካሜራው የሚያየው እኔን ብቻ ነው።» «ማዳም በስልክ የምታወራው ስለ እኔ ነው።» እንዲህ ያለ የድምፅ መልእክት ከሪያድ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጅማ በኢሞ ቢላክ የምትሰማው እህት ምን ታስብ? እውነት ነው ብትል አይፈረድባትም። ፓስፖርት የሚቀማበት፣ ደመወዝ ለወራት የሚያዝበት፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍበት ቤት እንዳለ ማን ያጣዋል? ካሜራውም ቢሆን በብዙ ቤት አለ። የሳይኮሲስ የመጀመሪያ ምልክቶች ከሚባሉት አንዱ መሠረት የሌለው ጥርጣሬ ነው፤ የዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ኑሮ ደግሞ መሠረት ያለው ጥርጣሬ የሞላበት ነው። ሁለቱን ለመለየት ሐኪምም ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰውም አጠገቡ ያስፈልገዋል።

ሳይኮሲስ የሚባለው ሰው የሆነውን ካልሆነው መለየት የሚቸገርበት ሁኔታ ነው። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ምንም ማስረጃ ቢቀርብለት የማይለቀው እምነት ይይዘዋል፤ ንግግሩ ይዘበራረቃል። መነሻው ብዙ ነው። ኢንፌክሽን፣ የእንቅርት ሆርሞን መዛባት፣ ወሊድ፣ አደንዛዥ ዕፅ ሊያመጡት ይችላሉ፤ በሳምንታት ውስጥ ለቆ የማይመለስም አለ። ስኪዞፍሬኒያ ከሆነ ግን ጉዳዩ የዓመታት ነው። እሱም በአብዛኛው የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መገባደጃ እስከ ሠላሳዎቹ መግቢያ ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ይህ ልጆቻችን ሻንጣ ይዘው ቦሌ የሚሰለፉበት ዕድሜ ነው።

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ተመራማሪዎች አጥብቀው የያዙት አንድ ነገር አለ፦ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን እስከ መጀመሪያው ሕክምና ያለው ጊዜ። በኖርዌይ ሮጋላንድ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ቲፕስ የተሰኘ ፕሮግራም ስለ ምልክቶቹ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በትምህርት ቤት ለሕዝብ ይናገር ነበር፤ ቤተሰብም ሆነ መምህር በቀጥታ ደውሎ የሚያማክረው ቡድንም አቋቋመ። ግማሾቹ ታማሚዎች በ5 ሳምንት ውስጥ ሕክምና ጀመሩ፤ ዘመቻው ባልደረሰባቸው አካባቢዎች ይኸው ጊዜ 16 ሳምንት ነበር። ማስታወቂያው ሲቆም ደግሞ ሮጋላንድም ወደ 15 ሳምንት ተመለሰ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ዘመቻው ከነበረበት ወገን 31 በመቶ ያህሉ አገግመው ተገኙ፤ ከሌላው ወገን ያገገሙት 15 በመቶ ገደማ ናቸው። በሁለቱም ቦታ የተሰጠው ሕክምና ተመሳሳይ ነበር። ሀብት ብቻውን ይህን ጊዜ አያሳጥረውም፤ በአሜሪካ 34 ክሊኒኮችን ባቀፈው ሬይዝ በተባለው ጥናት መካከለኛው መዘግየት 74 ሳምንት ሆኖ ተገኝቷል።

ስደትና ይህ ሕመም መገናኘታቸው ዛሬ የታወቀ አይደለም። ኦደጎርድ የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1932፣ ወደ ሚኒሶታ የተሰደዱ ኖርዌያውያን አገራቸው ከቀሩት ይልቅ በስኪዞፍሬኒያ ሆስፒታል እንደሚበዙ ጽፏል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረው የካንቶር ግሬና የሴልተን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ፣ ራሳቸው በተሰደዱ ሰዎች ላይ ሕመሙ የመታየቱ ዕድል 2.7 እጥፍ መሆኑን አሳየ። ኦደጎርድ ቀድሞውኑ የተጋለጠው ሰው ነው የሚሰደደው ባይ ነበር። የኋለኞቹ ግን ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ መገለል፣ ወደ መናቅና ወደ ብቸኝነት ነው፤ እኔም ወደዚህኛው አደላለሁ።

ሪያድ በምርምር ደሃ ከተማ አይደለችም። በንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል ተመራማሪዎች የተመራው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ጥናት 4,004 ሰዎችን በየቤታቸው ጠይቆ፣ 34 በመቶ ያህሉ በዕድሜያቸው አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም እንደገጠማቸው አሳይቷል። የተጠየቁት ግን የሳዑዲ ዜጎች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022ቱ ቆጠራ ከ32.2 ሚሊዮኑ የአገሪቱ ነዋሪ 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ ዜጋ ነው። በዚያው ቤት ጓዳ የምታድረው ኢትዮጵያዊት በቁጥሩ ውስጥ የለችም።

ሕጉም ቢሆን ዘወር ብሎ ነው የሚያልፋት። የአእምሮ ጤና ሕግ ወጥቷል፤ የቤት ሠራተኞች ደንብም የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ነገር ግን ሆስፒታል የሚወስዳት ስፖንሰሯ (ከፊሏ) ነው። ሳታሳውቅ ከቤት ከወጣች «ሁሩብ» ተብላ ትመዘገባለች፤ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ዋጋ ያጣል፣ ፖሊስ ያገኛት ቀን እስር ነው። ሳይኮሲስ የጀመራት ሴት ደግሞ ከምታደርጋቸው ነገሮች አንዱ ሸሽቶ መውጣት ነው። ለብቻዋ ስታጉረመርም የሰማ ቤተሰብም ሌላ ነገር ሊጠረጥር ይችላል፤ ሲህር (ድግምት) በሳዑዲ ወንጀል ነው፣ የቤት ሠራተኞችም በዚህ የተከሰሱበት ጊዜ አለ። ከመሄዷ በፊት የሚደረገው የባሕረ ሰላጤ አገሮች የጤና ምርመራም ያሳስባል። የአእምሮ ሕመም ካለባት «አንፊት» ትባላለች፤ እንጀራዋ የተንጠለጠለው በዚያ ወረቀት ላይ ስለሆነ ከዚህ በፊት አሞኝ ነበር የምትል ልጅ አትገኝም። ቀድሞ ታክማ የነበረችውም መድኃኒቷን አገር ቤት ጥላ ትሄዳለች።

ምልክቱ ሲጀምር ጮኾ አይመጣም። መጀመሪያ እንቅልፍ ይጠፋል። ረመዳን ላይ ሌሊቱ ቀን ሆኖ ኢፍጣርና ሱሁር ሲዘጋጅ ሁሉም ሠራተኛ እንቅልፍ ያጣል፤ ልዩነቱ የሚታየው ከዒድ በኋላም እንቅልፉ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ከዚያ ዝምታው ይመጣል፤ በየቀኑ ትደውል የነበረችው በሳምንት አንዴ፣ ከዚያም ጭራሽ ትጠፋለች። ገላን መታጠብ ይቀራል። የምታበስለውን ራሷ አትበላም። ማዳም ይህን ሁሉ እንደ ስንፍና ወይም እንደ እልህ ልትቆጥረው ትችላለች። አማርኛዋን የሚያዳምጠው ሰው ያለው በስልኩ ማዶ ነው።

አገር ውስጥ ይህን ጉዳይ በቅርብ ካዩት ጥናቶች አንዱን አንበሴ፣ ሀንሎን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ከመካከለኛው ምሥራቅ ከተመለሱ ሴቶች ጋር ተወያይተው አእምሮን የሚጎዳው ምን እንደሆነ ጠየቁ። የተነሡት ነገሮች ብዝበዛ፣ በግድ የተጫነ መነጠል፣ የራስን ባህልና ማንነት መነጠቅ፣ የታሰበው ሳይሳካ ሲቀር የሚመጣ ተስፋ መቁረጥ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ሪያድ መንፉሓ ሰፈር ላይ ግጭት ተነሥቶ የጅምላ መመለስ ሲከተል፣ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ሰው ገባ። ቆየት ብሎ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ በተመለሱ ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ጥናት 27.6 በመቶዎቹ የድብርትና የጭንቀት ዓይነት ምልክት ታይቶባቸዋል። ስኪዞፍሬኒያ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ ለእሱ የተለየ ምርመራ ያስፈልጋል።

ቦሌ ከደረሱ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ለክፏት ነው» ይባላል። ክርስቲያኑ ወደ ጠበል፣ ሙስሊሙ ወደ ሩቅያ ይወስዳል። እኔ በጠበል ላይ ጠብ የለኝም፤ ብዙ ቤተሰብ ያለ ሐኪም የሚያስታምመው እዚያ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው «እምነትሽ ይጎድላል» ተብላ መድኃኒት ስትከለከል፣ እንዳትጠፋም በሰንሰለት ስትታሰር ነው። እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት ተመላሽ ሴቶችን ተቀብለው ያስጠጋሉ። አቅማቸው ግን ከፍላጎቱ ጋር አይገናኝም። የተቀረው ሸክም የሚወድቀው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ በቆየው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ተስፋ ሊያስቆርጥ ይችላል፤ እኔን ያጽናናኝ ግን ቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያ ገጠር ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ተጣርተው፣ 300 ያህል ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ተገኙ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከዚያ በፊት ሕክምና አላገኙም ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው 121ዱ ሞቱ፤ በአማካይ ሊኖሩ ከሚችሉት ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቀንሶባቸዋል። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ሰውን የሚገድለው ድምፁ ብቻ አይደለም፤ ረሃቡ፣ ጎዳናው፣ ያልታከመው ሳንባም ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ፦ ሐኪም በሌለበት ማን ያክም? ቡታጅራና ሶዶ ላይ 329 ታማሚዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ በጤና ጣቢያ ተራ ነርሶች የሚሰጠው ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። በዚያው ዓመት የወጣው ራይዝ የተባለው ጥናት ደግሞ ወደ ቤት ገባ። በሶዶና አካባቢው 166 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ይዞ፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የአካባቢው ልጆች በየቤታቸው እየሄዱ መድኃኒት አለማቋረጥን፣ ወደ ሥራ መመለስን፣ ከእድርና ከጎረቤት ጋር መታረቅን ያግዟቸው ጀመር። በዓመቱ ሲታይ ጤና ጣቢያ ብቻ ይከታተሉ ከነበሩት ይልቅ የእነዚህ ሰዎች ሥራ መሥራትና መንቀሳቀስ ተሻሽሎ ነበር። መድኃኒቱም ቅንጦት አይደለም፤ ሃሎፔሪዶልና በወር አንዴ የሚወጋ ፍሉፌናዚን ነው።

ስለዚህ የጎደለው የሪያዱ ጫፍ ነው። ኤምባሲው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የሚመልስ፣ ስለ ሁሩብ የማይጠይቅ የስልክ መስመር ቢከፍት ወጪው ከአንድ የጅምላ በረራ ያንሳል ብዬ አምናለሁ። ማስታወቂያውም ልጆቹ ባሉበት በቲክቶክና በኢሞ ይሂድ፤ ዋናው አድማጭ አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ይሁን፣ እንቅልፍና ምግብን ለይቶ መጠየቅ ይማር። ሪያድ ውስጥ የታከመች ካለች የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ከእሷ ጋር አውሮፕላን ይሳፈር፤ ቦሌም ላይ የሚቀበለው ሰው የትኛው ጤና ጣቢያ እንደምትሄድ ይንገራት። በጀቱ ደግሞ ለአንድ ዓመት የተሰጠ የረድኤት ገንዘብ እንዳይሆን፤ ማስታወቂያው በቆመ ጊዜ ሮጋላንድ እንኳ ወደነበረበት ተመልሷል።